ከጎኗ ላይ የፋቅኩት ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳን አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ በሁዳዴ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ስለ ምላሴ፣ ስለ ሆዴ፣ ከጎረቤት ስለተጣላሁበት አጥር ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ዘልያት አልፋለሁ። አንድ ጊዜ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እንግዲህ የማላውቃችሁና የማታውቁኝ እናንተ ስሙኝ። እስከ መጨረሻው ተቀመጡልኝ እንጂ ሌላ የምፈልግባችሁ ነገር የለም።

አምቦ ውስጥ ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምር ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ መስመር አቃንቻለሁ። እጄ ጥሩ ነው። ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ፤ ጥፋቴ ከእጄ ጥሩነት ጋር ስለተያያዘ ነው። ቀጭን ብሩሽ ይዤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፊደል ስጽፍ ጣቴ አይንቀጠቀጥም። ያን ቀንም አልተንቀጠቀጠም።

ኦቦ ዳባ ጊንጪ ላይ አስፋልት ዳር ጋራዥ የነበረው ሰው ነው። ኦቦ እያልኩ አንተ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ቲቸር ይለኛል፤ ስሜን ማወቁንም እጠራጠራለሁ። እሱ ዘንድ መኪናውን ሲያስጠግን የከረመ አንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትልቅ ካርቶን ትቶለት ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ ተበታትና የተቀመጠች የእሽቅድድም መኪና ነበረች። ተገጣጥማ ስታልቅ ክንድ ታህላለች። ሞተሩ፣ ጎማው፣ መሪው፣ ሁሉም ነገር በፕላስቲክ ለየብቻው አለ። እኔ መጫወቻ ናት ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። መነጽሩን አድርጎ ሞተሩን አገላብጦ አየና "ይሄ ሞተር አይነሳም" አለኝ።

"ኧረ እንዴት ይነሳል፣ ፕላስቲክ አይደል?"

"እሱን አይደለም ያልኩት። ካንዴላው ሽቦ የለውም። ቤንዚኑስ በየት ነው የሚገባው?"

እንዲህ ብለን ጀመርን። የመመሪያው ወረቀት ቢበዛ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ እኛን ስድስት ዓመት ፈጀብን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከአምቦ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ጋራዡ ጓዳ ያለች ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እሱ ከድሮ ሬዲዮ ጥቅል መዳብ እየፈታ ለካንዴላው ሽቦ ያበጃል። ከሻይ ማጥለያ ቆርጦ የራዲያተሩን መረብ ሠራ። የስፒል ራስ እየቆረጠ ብሎን አደረገው፤ አንድ መቶ ስንት ብሎን። ለሹፌሩ ወንበር ቀበቶ ያስፈልጋል ሲል የመጽሐፍ ቅዱሱን ቀይ ጥብጣብ በመቀስ ቆረጠው፤ ጸሎት ሳያደርስ ጠረጴዛ የማይነካ የወንጌል አማኝ ነው እንግዲህ። ቀለም የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ ቀን ኮፈኑ ሲዘጋ ይሄን ሁሉ ማን ያየዋል ስለው "የሚፈታው ያየዋላ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሌንሴ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ በልጅነቷ ሞተው ጋራዡ ውስጥ ነው ያደገችው። ገና በስድስት ዓመቷ ቁጥር አሥራ ሦስት ቁልፍ አምጪ ሲሏት ሳታይ ዳስሳ ታነሳ ነበር አሉ። የተሸጠ የተለወጠ መኪና ሲመጣ አባቷ ዓይኗን ያስጨፍናትና በአውራ ጣቷ ጎኑን ያስዳስሳታል። ስቱኮ የተሞላበትን፣ ድጋሚ የተቀባበትን ቦታ ለይታ ታወጣዋለች። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ "መካኒክ ነው የምሆነው" አለችው። እሱ ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ "በእኔ ጋራዥ ሴት ብሎን አትፈታም" አላት። ልጅቷ ወጥታ ሄደች። ጤና ተምራ ጎጆ በምትባል ደጋ ከተማ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። እሱም አልጠራት፣ እሷም አልመጣች። ሁለቱም ያው አንድ ደም ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሄደ። ይህን በአንድ ቀን አልነገረኝም፤ ብሎን እየለጠፈ በየቅዳሜው ቁራሽ ቁራሹን ነው የሰማሁት።

ቀይ ቀለሟን ጨርሼ ያደረቅኩ ቅዳሜ ጎኗ ላይ የሹፌሩ ስም የሚጻፍበት ቦታ ቀረ። ከካርቶኑ ጋር የአንድ ፈረንጅ ስም ያለበት ተለጣፊ ነበር። ዳባ ተለጣፊውን ጨምድዶ ጣለው። ከኪሱ ወረቀት አወጣና በቁቤ ጽፎ ሰጠኝ፤ ኤል፣ ነጥብ፣ ዳባ።

"ሌንሴ ናት?" አልኩት።

"ታዲያ ማን ይንዳት?" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

እንግዲህ ልብ አድርጉልኝ፣ አውቅ ነበር። ጻፍኩት። በነጭ ቀለም፣ ከወንበሩ በታች፣ ቀጥ አድርጌ ጻፍኩት። ዳባ እስኪደርቅ ድረስ እፍ እያለ አጠገቧ ቆመ። ሲደርቅ ይዤላት እወጣለሁ አለኝ፤ ጎጆ ብርድ ነው፣ ካፖርት ልግዛ አለ። ካፖርቱን ሳይገዛ ሐሙስ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ወደቀ።

ቅዳሜ ስሄድ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አፉ ወደ አንድ በኩል ተስቦ ተኝቷል። አማርኛው ጠፍቷል። ስድስት ዓመት ያወራንበት አማርኛ አንድ ቃል አልቀረለትም፤ የቀረችው የእናቱ ቋንቋ ናት፣ እሷም ተሰባብራ። እህቱ አዴ ጫልቱ ውጭ ውሃ ትቀዳለች። እሱ በግራ እጁ ጨርቁን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈውና አንድ ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ በብዙ ትግል አንድ ነገር ተናገረ። "ካን ኢሼቲ።" የእሷ ነው ማለት ነው። መሐል ላይ ያለችው "ሼ" በተጣመመው አፉ ታንቃ ወደ ኬ ስለተጠጋች "ካን ኬቲ" ያለም ሊመስል ይችላል፤ ያንተ ነው ማለት ነው። አንዲት ቀለም ናት ልዩነቷ።

አዴ ጫልቱ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም "ካን ኬቲ ናን ጄዴ" አልኳት። ያንተ ነው አለኝ ማለቴ ነው። ዳባ ሰማኝ። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ግራ እጁን አንስቶ አየር ላይ አወራጨው። እህቱ ውሃ የጠማው መስሏት ጽዋ አቀረበችለት።

የአምቦ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንድ ዘዴ አለች። ሲመቸን አፋን ኦሮሞ እንሰማለን፤ ሳይመቸን "ኧረ የእኔስ ሰባራ ነው" እንላለን። እኔ አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ ጎርምሼ፣ አምቦ አርጅቼ፣ የእሷንና ያንተን ሳልለይ ቀርቼ ነው? ለራሴ ለዓመታት እንዲህ ነው ያልኩት፤ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፣ ኦሮምኛዬ ሰባራ ነው። ያን ዕለት ግን ውሸቱን የተናገርኩት ጥርት ባለ ኦሮምኛ ነው።

ለምን? ስድስት ዓመት ቅዳሜዬን ሰጥቻታለሁ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት አባቷን ዞር ብላ ያላየች ልጅ በምን መብቷ ትወስዳታለች አልኩ። እውነቱን ንገረኝ ካላችሁኝ ግን ወደድኳት። በሕይወቴ ያማረ ነገር ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥልኝ ፈለግኩ። ይኸው ነው ምክንያቴ። የሚያሳዝን እንኳን አይደለም።

ዳባ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሌንሴ ለቀብሩ አልደረሰችም። አዴ ጫልቱ መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ "የሰጠህን ውሰድ" ብላ አስታቀፈችኝ። ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲሆን ወስጄ አሳየኋት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያደንቅ ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ "ይሄ ኤል ዳባ የሚለው ማነው?" አለኝ። የፋብሪካው ስም ነው አልኩት። ቤቴ ገባሁና በቀን ብርሃን፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ምላጭ አውጥቼ ፋቅኩት። በችኮላ አይደለም፤ በጥንቃቄ ነው የፋቅኩት። መጀመሪያ ኤሏን፣ ከዚያ ነጥቧን፣ ከዚያ አባቷን ፋቅኩ። ፕላስቲኩ እስኪታይ ፋቅኩ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቀዩን ደረብኩ፣ አደረቅኩ፣ እንደገና አለስልሼ እንደገና ደረብኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ የለኝም።

በሁለተኛው ወር ሌንሴ አምቦ ድረስ መጣች። ነጠላዋን አልፈታችም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መኪናዋን አየቻት። ኮፈኑን ከፍታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለቻቸው። የወንበሩን ቀበቶ ስታይ ጥብጣቡን አወቀችው መሰለኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ቲቸር፣ አባቴ ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?"

"መናገር አቅቶት ነበር እኮ ልጄ።"

"ስሜንም አልጠራም?"

"አልጠራም" አልኳት። ስሟን ጣቱ ነው የጠራው፤ አፉ አልጠራውም። ይህችን ማምለጫ ይዤ ስንት ዓመት እንደተኛሁባት ብታውቁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዋን በካርቶን አድርጌ፣ ዙሪያዋን ሹራብ ጠቅጥቄ፣ ታቅፌያት ጎጆ ወጣሁ። መንገዱ አንጀት ያወጣል፤ አንድም ብሎን አልረገፈባትም። ሌንሴ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከጤና ጣቢያው ወጣች፤ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጓል። ቤቷ ወስዳኝ ሁሉን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የነገርኳት ግማሹን ነው። አባትሽ ላንቺ ነበር የሠራት፣ ሹፌሯ አንቺ ነሽ ብሎ ስምሽን እዚህ ጎኗ ላይ አስጽፎ ነበር አልኳት።

"ታዲያ የታል?"

ፋቅኩት የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። አራት ፊደል ናት። "በጊዜ ብዛት ለቀቀ" አልኩ።

ሌንሴ መኪናዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷን ከወንበሩ በታች ያለው ቦታ ላይ አሳርፋ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ዳሰሰችው። ታገኘዋለች አልኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንድታገኘው ለመንኩ። የአባቷ ልጅ ናት፣ ከዚያ ጋራዥ ነው የወጣችው፣ ታገኘዋለች። ጣቷ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድም ቦታ አልቆመም።

"እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር ኖሮ አያውቅም ቲቸር" አለችኝ ዓይኗን ስትገልጥ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። "ግን እንዲህ ብለው ሊያጽናኑኝ በዚህ ብርድ መምጣትዎ ራሱ… እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ እንደዚህ ያለ ወዳጅ ነበረው ማለት ነው።"

እውነቴን ነው አልኳት። ደግሜ ደጋግሜ እውነቴን ነው አልኳት። ስደጋግመው ይበልጥ አዘነችልኝ። መኪናዋን አልወስድም አለች፤ አክስቴ ነግራኛለች፣ በራሱ አፍ ለእርስዎ ነው የሰጠው አለች። ካርቶኑን ራሷ አሥራ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። ግማሽ ኩንታል ድንች ጣሪያው ላይ አስጫነችልኝ፤ ልመልስ ብል ማን ይሰማኛል። ያን ድንች እስከ መጨረሻው በላሁት።

እንደተመለስኩ ያንኑ ቦታ ደግሜ ፋቅኩት። ከቀዩ ሥር አንዲት ነጭ ጭረት ተርፋ ከሆነ ብዬ ነው። ያገኘሁት ባዶ ፕላስቲክ ብቻ ነው። መልሼ ቀባሁት። ብሩሹ አለኝ፣ ነጩ ቀለም አለኝ፣ እጄም ገና አይንቀጠቀጥም፤ ስሙን ዛሬ ብጽፈው ያኔ ከጻፍኩት ጋር ማንም አይለየውም። ግን ምን ያደርጋል? ዳባ የለም፣ ጣቱን የሚያሳርፍበት የለም። ሄደህ ፋቅኩት በላት ትሉኝ ይሆናል። ካልኳት በኋላ ምን ይዛ ትቀራለች? አባቷ አልጠራትም፤ እሱን ለምዳዋለች። ደግ ወዳጅ ነበረው የምትለውንም ልቀማት? ይኸው፣ አሁንም ለእሷ ያሰብኩ አስመሰልኩት። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይቅርታ አልለምናችሁም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ይቅር ማለት የምትችል አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ጥፋቴን ስለማታውቅ ታመሰግነኛለች። ድንች በደረሰ ቁጥር ከጎጆ በሚወርድ መኪና አንድ ጆንያ ትልክልኛለች፤ ጆንያው ላይ በእጇ "ለቲቸር" ብላ ትጽፍበታለች። የዘንድሮው ትናንት ደረሰ።