አንዱን ምክር አሥራ ሁለት ጊዜ የጻፍኩበት ዘመን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አንድ ጽሑፍ ሁለት ቦታ አይወጣም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት አሠሪዬ አቶ ኃይሉ ናቸው። ሶዶ መሀል ከተማ የእርሻ መሣሪያና የዘር መደብር አላቸው። እኔ የተቀጠርኩት ከመደብሩ በላይ ባለችው ክፍል ተቀምጬ የመደብሩን ድረ ገጽ እንድይዝ ነው።

አቶ ኃይሉ ሐዋሳ ሄደው የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው ነበር። ሰው ኢንተርኔት ላይ የጠየቀውን ፈልጎ የሚያወጣው የፍለጋ ሞተር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ላይ ካገኘ ድረ ገጹን ይቀጣል፣ ወደ ታች ይገፋል፣ ሲብስም ጨርሶ ከዝርዝሩ ያወጣል ብሎ አሠልጣኙ ነግሯቸዋል። በየትኛው ደንብ እንደሚቀጣ አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅኩም። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ የተቀመጥኩ ሰው ነበርኩ፤ በመጀመሪያው ቀን ከአሠሪ ጋር ክርክር የሚገጥም ልብ ከየት ይመጣል?

ሥራው እንዲህ ነው። ለገበሬ የሚሆን ምክር እናወጣለን፤ ሰው ምክሩን ፈልጎ ይመጣል፣ በዚያው የመደብሩን ዕቃ ያያል። በዞኑ ላሉ አሥራ ሁለት አካባቢዎች አሥራ ሁለት ገጽ ነበረን፤ የሶዶ፣ የዱቦ፣ የሁምቦ፣ የበዴሳ እያለ ይቀጥላል። አንድ የበዴሳ ሰው «የእንሰት በሽታ በዴሳ» ብሎ ሲፈልግ የእኛ ገጽ ከላይ መምጣት አለበት። ምክሩ ግን ለሁሉም ያው ነው። እናም ከቅጣቱ ለማምለጥ ያንኑ ምክር በአሥራ ሁለት ዓይነት አነጋገር እጽፍ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ነበርን። ትግሥት የምትባል ልጅ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ከዚያ ይለጠፋል። የእኔን ረጃጅም አረፍተ ነገሮች በዜና አንባቢ ድምፅ እያነበበች ታሾፍብኝ ነበር። ይሄን ገበሬ ሳይሆን ዳኛ ነው የሚያነበው ትለኝና ሦስት ቦታ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ሐዋሳ የተሻለ ሥራ አገኘችና ሄደች። አቶ ኃይሉ በቦታዋ ሰው አልቀጠሩም፤ ወንበሯ ለደንበኛ መቀመጫ ይሆናል ተብሎ ወደ መደብሩ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሆንኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤትም የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ አንዳንድ እሑድ ደግሞ አይደውልም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምታናግረኝ የመደብሯ ሻጭ ብቻ ነበረች፤ ከደረጃው ሥር ሆና ኔትወርክ አለ ወይ ትለኛለች፣ አለ ወይም የለም እላታለሁ፣ በዚያው ቀኑ ያልቃል። አንዳንዴ የራሴን ድምፅ ለመስማት ስል የጻፍኩትን ለራሴ አነብ ነበር፤ ወዲያው ያሳፍረኝና ዝም እላለሁ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በየቦታው የበረታው። አቶ ኃይሉ ከአንድ የእርሻ ባለሙያ ምክር አጽፈው አመጡ። ግማሽ ገጽ የማይሞላ፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነበር። ዋናው አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አንዱን እንሰት የቆረጠ ቢላ ሌላውን ከመንካቱ በፊት በእሳት ይለብለብ።» በሽታው ከተክል ወደ ተክል በቢላ ይሄዳል፤ ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የሶዶው ገጽ ላይ እንዳለ አወጣሁት። ለዱቦ «ነበልባል ላይ ያዙት» አልኩ። ቀጥሎ «አግሉት»፣ ቀጥሎ «እሳት ያግኘው»፣ ቀጥሎ «እስኪፋጅ ድረስ አሙቁት»። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ስለ እሳት የምለው አለቀብኝ። ያኔ «አጽዱት» ማለት ጀመርኩ። የመጨረሻው የበዴሳ ነበር። ደክሞኛል፣ ተሰላችቻለሁ፤ «ቢላችሁን በደንብ እጠቡ» ብዬ ለጠፍኩት። ትግሥት ብትኖር ኖሮ እዚያው ትይዘኝ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ የበዴሳ ቤተ ክርስቲያን የሶዶውን ምክር ቃል በቃል ገልብጦ በራሱ ገጽ ላይ ማውጣቱን አየሁ። ከየት እንዳገኙትም ከሥሩ ጽፈዋል። ለአቶ ኃይሉ ስነግራቸው በሰው ጥፋት እኛ ልንቀጣ ነው ብለው ተቆጡና ደውል አሉኝ። ደወልኩ። ገጹን የሚይዘው ሰውዬ ለሰው ይጠቅማል ብለው እንጂ ሊጎዱን እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኝ፣ ይቅርታም ጠየቀ። «እናወርደዋለን ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ» አለ። ከምሳ በፊት ወርዶ ነበር። ያን ቀን ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። መሠረት እባላለሁ፣ በዴሳ አስተማሪ ነኝ አለችኝ። በእጇ ከእኛ ድረ ገጽ የታተሙ ሁለት ወረቀቶች ይዛለች፤ አንዱ የዱቦ፣ አንዱ የበዴሳ። የምትቀመጥበት ሁለተኛ ወንበር ስላልነበረ የእኔን ሰጠኋትና እኔ ቆምኩ።

የእህቷ ባል ዱቦ ነው፤ የዱቦውን ገጽ አንብቦ ቢላውን በእሳት እየለበለበ ሠራ፣ እንሰቱ ሳይጠወልግ ቆሟል። እሷ ደግሞ የበዴሳውን ለእናቷ አነበበችላቸው። እናቷ በየተክሉ መሀል ቢላውን በውሃ እያጠቡ ሠሩ። ጓሯቸው አሁን ከዳር እስከ ዳር ጠውልጓል።

«የእኛና የዱቦ በሽታ ይለያያል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለነገር ብላ አልነበረም፤ ከልቧ ነው።

«አይለያይም» አልኩ።

ምክሩ ታዲያ ለምን ተለያየ ስትል ስለ ፍለጋ ሞተሩ፣ ስለ ቅጣቱ አስረዳኋት። ስናገረው ለራሴ ጆሮ እንኳ የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስልም ነበር።

«መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችን ገጽ ላይ በእሳት የሚል ነገር አይቼ ነበር» አለች። «መልሼ ስፈልገው የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ እማዬን እጠቢው አልኳት።»

ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወረደች። አልቅሼአለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያየኝ አልነበረም።

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የፍለጋ ሞተሩ ባለቤቶች ራሳቸው ለድረ ገጽ ሠራተኞች ያወጡትን መመሪያ ከፍቼ አነበብኩ። አንድ ጽሑፍ በብዙ ገጽ ስለወጣ ብቻ ቅጣት የለም ይላል። ሞተሩ ከተመሳሳዮቹ አንዱን መርጦ ያሳያል፣ የቀሩትን ከኋላ ያቆያል፣ በቃ። የሚቆጣው ሰውን ለማታለል የሌላውን ሥራ በገፍ እየገለበጠ በሚቆልል ላይ ነው። ዋናው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለሞተሩ የሚነገርበት አንዲት የኮድ መስመርም አለች። አንብቤ ስጨርስ የምሳ ሰዓቴ ገና አላለቀም ነበር። መመሪያው ደግሞ እኔ ከመቀጠሬ በፊትም እዚያው ነበር።

ለአቶ ኃይሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የፈሩት መደብራቸውን ነው። በሥልጠናው የተባሉትን ደጋግመው ካነሱብኝ በኋላ በመሠረት እናት ላይ የደረሰውን ሲሰሙ ክርክሩን ተዉት።

«ብንወርድስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከወረድን ያሰናብቱኝ» አልኳቸው።

የባለሙያውን ጽሑፍ በአሥራ ሁለቱም ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ሳልቀይር አወጣሁት። በየቀኑ ደረጃችንን አየሁ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር። አልወረድንም። አንደኛው ገጽ ከላይ ይመጣል፣ ሌሎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደውዬ መልሱት አልኩ፤ ሰውዬው ለምን ብሎ እንኳ ሳይጠይቀኝ መለሰው።

ከዚያ በዴሳ ሄድኩ። በሚኒባስ ነው፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል፤ መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የመሠረት እናት ወይዘሮ ባሎቴ የታመመውን እንሰት እየነቀሉ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ምክሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። መቆፈሪያውን ተቀብያቸው እስኪመሽ ቆፈርኩ። አዲስ የሚተከለው ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ይህ ቤት ከገበያ ገዝቶ ይበላል። ይህን የሚያሳጥር ምክር የለኝም።

ልሄድ ስነሳ በወላይትኛ ከማን ጋር እንደምሠራ ጠየቁኝ። ብቻዬን አልኩ። የት ነው አሉ። ሶዶ አልኳቸው።

«ቅርብ ነህ እኮ» አሉ። «መጥተህ ብትጠይቀን ምን ነበረበት?»

ለዓመታት ስለ እንሰት ስጽፍ አንድም ቀን የሚያነበኝ ሰው ጓሮ ገብቼ አላውቅም ነበር።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ትክክለኛ ጽሑፍ አሥራ ሁለት ቦታ እንዳለ ቢወጣ ምንም አይመጣባችሁም። ደንብ አለ ሲሏችሁ ደንቡን ያወጣው ራሱ ምን እንዳለ አንብቡ። እኔ አላነበብኩም፤ የፈራሁት ቅጣት ጨርሶ አልነበረም፣ የጠወለገው ግን የወይዘሮ ባሎቴ ጓሮ ነው።