ሳታደርስ እጅህን አትዘርጋ

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው፤ ሞተር የተማርኩት ደግሞ እየፈታሁ እየገጠምኩ። እንዲያም ሆኖ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መኪናቸውን ይዘው እየመጡ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ድምፁን ይስሙልኝ" ይሉኝ ነበር። ሰምቼ የተሳሳትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ታክሲ ስነዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተሳፋሪን አስቀድሜ ሂሳብ ጠይቄ አላውቅም። ሳይከፍል የወረደ ነበር፤ እሱ ይፈር።

ብዙ ሰው አስተምሬአለሁ። ከሁሉም የምኮራበት ሰው፣ ሥራ አጥቶ የመጣ ጎረቤቴ ነበር፣ የሁለት ልጆች አባት። በራሴ ባጃጅ፣ ከባህል አዳራሽ ጀርባ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ከፊቱ አስቀምጬ ሳይፈስ መነሳትን አስለመድኩት። ሳንቲም አልተቀበልኩትም። ውሃው መፍሰሱን ያቆመ ዕለት አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት፦ ተሳፋሪን ሳታደርስ እጅህን አትዘርጋ። "እሺ አባባ" ብሎ እጄን ሳመ።

ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ ወደ ቤቴ ወደ ታቦር የምወጣው በእሱ ባጃጅ ነበር። ስወርድ እመርቀዋለሁ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ "አሜን" ይላል። ሂሳብ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ላይ በእሱው ባጃጅ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ሞተሩን ሳያስነሳ ዞረና "ሂሳብ በቅድሚያ" አለ። ተማሪዎቹ ከፈሉ። እጁ እንደተዘረጋ ወደ እኔ መጣ።

"እኔንም ነው?"

"ሁሉንም ነው አባባ። በሞባይል ልኬልሃለሁ እያለ ስንቱ ወርዶ ጠፋ።"

"እኔ ጠፍቼብህ አውቃለሁ?"

"እርስዎማ አይጠፉም፤ መርቀው ነው የሚወርዱት። ማደያ ላይ ግን ምርቃት አይቀበሉኝም።"

አንደኛው ተማሪ አፉን በደብተሩ ሸፈነ።

"የብርጭቆውን ውሃ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። በውሃ አይሄድም እንጂ።"

ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አፉ "አሜን" ሲል ሆዱ ሂሳብ ሲይዝብኝ መኖሩ ነው።

በዚያ ቀን ግን ይህን አድርጌአለሁ። ሂሳቡን ከፈልኩ፣ መልስም አልተቀበልኩም። አንድ ሜትር ሳልሄድ ወረድኩ። አልመረቅኩትም። በዚህ ዕድሜዬ ከፒያሳ እስከ ታቦር በእግሬ ወጣሁ፤ የቆምኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቴ "ባጃጅ አጣህ እንዴ?" ስትለኝ "እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" አልኳት። እሱንም ቢሆን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንደወረድኩ ባጃጁን አስነስቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት፣ ብርጭቆው ቢኖር ጠብ አይልም ነበር።