ሰላም የምንለው ስልክ

የተስቢህ መቁጠሪያ እንክብሎች ሲንቀጫቀጩ በሰማሁ ቁጥር፣ ገበያ መሃል ብሆን እንኳ፣ ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ የአባቴን ስልክ የምነካካ ይመስለኛል።

አያቴ ዓይናቸው ሲደክም ከሐርቡ በላይ ያለውን እርሻቸውን ትተው እኛ ጋ የገቡት በክረምት ነበር። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ፊት መናገር ስለማልደፍር፣ አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ ስልኩን ተቀብዬ እስከ ማታው የመግሪብ ሶላት የኢንተርኔቱን መዝገበ ዕውቀት ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላቸው ነበር። ከዝሆን ጀምሬ፣ ሲነኩት ሌላ ገጽ የሚከፍተውን ሰማያዊ ቃል እየነካሁ ወደ ሕንድ፣ ከሕንድ ወደ በርበሬ፣ አንዱንም ሳልጨርስ እዘል ነበር። «አንቺ ፌንጣ፣ ሰው ቤት ገብተሽ ሳትቀመጪ ትወጫለሽ?» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው ስልኩን እንደ አንድ አዋቂ ሼህ ነበር የሚያዩት፤ ሰላምታ ሳይሰጡ መጠየቅ ነውር ነውና መጀመሪያ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ እንድጽፍ ያዝዙኝ ነበር። ስለ ሰላምታው የሚያወራ ገጽ ሲመጣ «መለሰ» እላቸዋለሁ፤ ተስቢሃቸውን ያቆሙና «በይ አሁን ጠይቂው» ይሉኝ ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ጎረቤት ሕመሙ የዓይን ሞራ ነው አላቸው። ጠይቂልኝ ሲሉኝ ጻፍኩ፤ ገና ከመጀመሪያው «ዓይነ ስውርነት» የሚል ቃል አየሁና ደንግጬ ወደ ሌንስ፣ ከሌንስ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አሸዋ ሸሸሁ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ስለ አሸዋ ነው የሚያወራው» አልኳቸው።

ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በጋው ገባ፤ እኔ ከዚያ ገጽ በቀር ሁሉንም ስከፍት፣ እሳቸው ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ ጀመሩ።

በጥር አንድ ቀን ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ ሲወጡ ደረጃ ስተው ወደቁ። የተላጠ ጉልበታቸውን ሳይ አላስቻለኝም፤ «አባባ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። አልተቆጡም። የእጄን አንጓ ያዙና፣ «ሰላም በይውና መልሰሽ ጠይቂው፤ ሲናገር ጥለሽው አትነሺ» አሉኝ። ጣቴ ወደ ሰማያዊው ቃል ሊዘል ባለ ቁጥር እጃቸው ጠበቅ ይላል። ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ በቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል ከሚለው ደረስኩ። ተስቢሁ ቆመ።

«ያን ቀንም ይኸን ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«እንግዲያ የቸኮልነው እኛ ነን» አሉ።

ደሴ ወስደን አሳከምናቸው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ስልኩን አገላብጠው አዩና፣ «ይችው ናት? እኔ ደግሞ ጥምጥም ያለው መስሎኝ» አሉ።

ዛሬ አያቴ የሉም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ በምሳ ሰዓት አሁን የምሠራበት ፋብሪካ ደጅ ተቀምጬ በራሴ ስልክ፣ ከያኔው በፈጠነ ኢንተርኔት፣ አሁንም ከቃል ወደ ቃል እዘላለሁ። የሚያስፈራኝ ገጽ ሲገጥመኝ ግን ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ በልቤ ሰላም ብዬ፣ በግራ እጄ የቀኝ አንጓዬን ይዤ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።