ጋሽ ዩሱፍ አልኮሩም

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ልብስ ሰፊ ጋሽ ዩሱፍ አረፉ። መንገድ ሲሻገሩ ከጎን የመጣ ባጃጅ ገጭቷቸው ነው። ለቅሶው ላይ አንዱ፣ «እያዩ እኮ ነው የገቡበት» ሲል ሰማሁ። አላዩትም። እናንተ የምታውቋቸው ሁሉ ስሙኝ፤ ስማቸው በእንዲህ ያለ ወሬ ሲቆሽሽ ዝም ብዬ አልሰማም።

የስፌት መኪናቸው ከበርበሬ መደቤ ጎን ነበር። የድሃ ልጅ ዩኒፎርም ሲቀደድ ይጠግናሉ። እናትየው ልትከፍል ስትል፣ «ለዒድ ትሰጪኛለሽ» ይሏታል። ያ ዒድ መጥቶ አያውቅም።

ኋላ ላይ ከጎን ሰላም የሚላቸውን ሰው ዝም ብለው ማለፍ ጀመሩ። ይህ ደግሞ ድሬ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። «አቦ፣ ጋሽ ዩሱፍ ኮሩብን እኮ» ተባለ። የተቀየመው ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰደ። ዳር የተዘረጋ ሽንኩርት ሲረግጡም፣ «ምነው ጋሼ፣ ጫቱ በዛ እንዴ?» ተብሎ ተሳቀባቸው።

«ዓይንዎን ይታዩ» አልኳቸው። ክሩን ባንዴ መርፌው ቀዳዳ አስገብተው፣ «አስቴር፣ ይሄ ነው የታመመ ዓይን?» አሉኝ። እኛ ሁላችን ዓይንን የምንለካው በመርፌ አይደል!

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ «ግላኮማ ነው» አለች። ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሱ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ዓይን ውስጥ ግፊት ሲበዛ ሳያም ሳይቆረቁር ይገድላቸዋል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የዳሩ እይታ ነው። መሃሉ ስለሚተርፍ ሰውዬው መርፌ ያያል፣ ከጎኑ የቆመውን ወዳጁን ግን አያይም። የሞተው ሴል አይመለስም፤ ያዘዘችላቸው የዓይን ጠብታ የተረፈውን ለማቆየት ነው። በሽታው በዘር ስለሚሄድ ወንድምና ልጅም ይታይ አለች።

ጋሽ ዩሱፍ ግን የጠየቁት ሌላ ነው። «ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሰላም ብሎኝ ነበር?»

ከዚያ ወዲያ ገበያ ሲገቡ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ግራ ቀኝ «አሰላሙ አለይኩም» እያሉ ያልፉ ነበር። በዚህም የሳቀ አለ። ዛሬ ለቅሶው ላይ ከፊት የተቀመጠው እርሱ ነው።

ጋሽ ዩሱፍ፣ እርስዎ ያላዩት ሰው ኮሩብኝ ብሎ ፈረደብዎት፤ ያየዎት ሰው ግን ምን ሆኑ ብሎ አልጠየቀም። ታናሽ ወንድምዎ ትናንት ከጎን የዘረጋሁትን እጅ ሳይጨብጡ አለፉ። ዓይንዎን ይታዩ ብላቸው «እኔ ደህና አያለሁ» ብለውኛል፤ እንደ እርስዎ ግትር ናቸው። ነገ ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ባጃጅ አምጥቼ ከደጃቸው እቆማለሁ፤ ቢቆጡም አልሄድም። እርስዎ ይረፉ፤ እርሳቸውን ለእኔ ይተዉልኝ።