ሁለቱን እድሮች ያዋሃደው ጥሩምባ

እትዬ ተናኘወርቅን የማያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ቤታቸው ከብስራተ ገብርኤል ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ዳር ነው። በልጅነታቸው ከመርሐ ቤቴ መጥተው፣ ጉልበታቸውን ለክር ፋብሪካ ሰጥተው በጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ እርምጃቸው ግን ፈጠን ያለ ሴት ናቸው።

የሴቶቹን እድር ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ አንዲት ደባል ጎረቤታቸው ሞተችና ድንኳን የሚጥልላት ጠፋ። የሰፈሩ ትልቁ እድር የሚመዘግበው የቤት ቁጥር ያለውን ሰው ብቻ ስለነበር፣ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቦታ አልነበረውም። እትዬ ተናኘወርቅ የስንዴ ማዳበሪያ ለምነው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው፣ ሲሰፉ ውለው ለለቅሶው ድንኳን አደረሱ። ያቺ የማዳበሪያ ድንኳን ሳትፈርስ እድር ሆነች። ጉሊት የምትቸረችረውም፣ ሰው ቤት የምትሠራውም፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ገባችባት።

በ1989 ዓ.ም. ግን የሴቶቹ እድር አቅም አጣ። ሐዘን በላይ በላዩ ተደራረበበትና ቀጣዩን ለቅሶ መሸከም እንደማይችል ሁሉም አወቀ። ትልቁ እድር በበኩሉ ሰፊ የሸራ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት እንጂ፣ ድስትና የሚሠራ እጅ አልነበረውም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ፣ በመንግሥት ሥራ ያረጁ ሰው፣ ለምን አንድ አንሆንም የሚል ሐሳብ አመጡ። ሰፈሩ ሞቀ። የግል ባንክ ተከፈተ የሚባልበት ዘመን ስለነበር፣ እኛም እድራችንን ልናሳድግ ነው ብለን በየደጃፉ የምናወራው ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ የትልቁ እድር አባል ነበርኩ፤ እንደ ሠርግ ጠሪ ከቤት ቤት ስዞር ትዝ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ከኮሚቴያችን ጥቂቶቹ ድስቶቹንና የቤት ቁጥር ያላቸውን ሴቶች እንቀበል፣ ደባሎቹ ግን ይቅሩ አሉ። እትዬ ተናኘወርቅ ይህ መዋሃድ ሳይሆን መጠቅለል ነው፣ ወይ ሁላችንም ወይ ማናችንም ብለው ቆረጡ። የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ ያውቁ ነበር። ከሁሉም በላይ የምታሳስባቸው ገዲሴ ነበረች፤ አጥራቸው ሥር ቆሎ እየሸጠች ብቻዋን የምትኖር፣ ዘመድ የሌላት አሮጊት።

ጉዳዩን የሚወስነው የሁለቱም እድር ጠቅላላ ስብሰባ ነው፤ ለዚያውም ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲገኝ። ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሁለት ጊዜም ጥቂት ሰው ተቀምጦ ተነሣ። ሦስተኛው ካልተሳካ ነገሩ እንደሚዘጋ ተነገረ። ያኔ ጋሽ መኩሪያ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ለሜሳን ጠርተው፣ እሑድ ረፋድ ላይ እየዞረ ስብሰባ መሆኑን በጥሩምባ እንዲናገር አዘዙት።

ለሜሳ በዕድሜው ጥሩምባ የነፋው ለሞት ብቻ ነው። እሑድ እንደ ልማዱ ጎሕ ሲቀድ ወጣ፤ እንደ ልማዱም አስረዝሞና አሳዝኖ ነፋው። ስብሰባ ብሎ መጮኹን ይምላል፤ ነገር ግን ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ማን ቆሞ ያዳምጣል? ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ማን እንደሞተ እርስ በርስ ሲጠያየቅ፣ ጋሽ መኩሪያ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሁሉም ወደ እሳቸው ደጅ አመራ።

ጋሽ መኩሪያ ልቅሶውን ሰምተው ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱ።

“ማን ሞተ?” አሉ።

ከፊት የነበረችው ሴት እንባዋን ጠረገች። “ውይ፣ አሉ እንዴ! እኛ እኮ እርስዎን ልንቀብር ነው የወጣነው።”

ጋሽ መኩሪያ ሕዝቡን አሻግረው አዩ። ከሁለቱም እድር የቀረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

“በሉ እስክሞት አትጠብቁ፤ መጥታችኋልና ቁጭ በሉ” አሉ።

ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ሐዘኑ ወደ ሳቅ ዞሮ ሲበርድ የውህደቱ ነገር ተነሣ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ደባል ዛሬ እዚህ ነው ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል ሲል ተቃወመ። እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተነሡ።

“ገዲሴ፣ እስቲ የያዝሽውን ግለጪው።”

ገዲሴ ሰሃኗ ላይ ያለውን ጨርቅ አነሣች። ገና የሚተን ንፍሮ ነበር።

“ጥሩምባው ሲነፋ የሞተው የየትኛው እድር ሰው ነው ብላ አልጠየቀችም። የቤት ቁጥሩንም አልጠየቀችም። ያላትን ቀቅላ ወጣች። ድስቱን ከሆነ የምትፈልጉት ውሰዱት። እኛን ከሆነ ግን አንድ ሰው ሳይቀር ነው።”

ጋሽ መኩሪያ የሚስማማ እጁን ያውጣ አሉ። እትዬ ተናኘወርቅ ለማየት ፈርተው አቀርቅረው ነበር። እጁ እንደ ደን ሲቆም፣ የተቃወመው ሰውዬም መጨረሻ ላይ ሲያነሣ፣ ጎናቸው የነበረችው የእድራቸው አባል ሀኒፋ ትከሻቸውን ነቅንቃ ቀና አደረገቻቸው። እልልታው ቀለጠ። እግዚአብሔር የፈለገውን በለሜሳ ስህተት እንደፈጸመው ያን ቀን አመንኩ፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ለለቅሶ የመጣውን ንፍሮ ለውህደቱ በላነው። ለሜሳ ጥሩምባውን ከኋላው ደብቆ ጥግ ይዞ ሲቆም ገዲሴ አየችው።

“አንተ ለሜሳ” አለችው፣ “እኔም እንግዲህ የእናንተ እድርተኛ ነኝ። የኔ ቀን ሲደርስ ደህና አድርገህ ንፋ፤ ስብሰባ ነው ብለው እንዳይቀሩ።”

እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።