አጎቴ ያልገደሏቸው ትሎች

ዝንብ እወዳለሁ ስል ሰው ይስቃል። ቆቦ ውስጥ ደግሞ ከመሳቅ አልፎ ያዝንልኛል። በሰኔ ሙቀት ገበያ ውሎ ፊቱን ሲከላከል ያመሸ ሰው ዝንብ ለመውደድ ምን ምክንያት ይኖረዋል? አልፈርድበትም። የእኔዋ ግን ሥጋ ቤት የምትከርመዋ፣ የሕፃን ዓይን የምትፈልገዋ አይደለችም። ማሳ ውስጥ የምትኖር፣ ግራጫ መልክ ያላት፣ ጀርባዋ ላይ ሳምንት እንዳልተላጨ ጢም የቆመ ፀጉር ያለባት ናት። ሥራዬ የሰብል ጥበቃ ስለሆነ ያገናኘንም ሥራ ነው።

የተዋወቅነው ሳልጠብቃት ነበር። መጤ ተምች የሚባለው ትል ወደ ቆላችን በገባ ሰሞን፣ ከአንድ የበቆሎ ማሳ ጥቂት ትሎች ለቅሜ ከነቅጠላቸው በማርማላታ ጠርሙስ ከተትኩና ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። የእሳት ራት ሆነው ሲወጡ ለማየት ነበር ሐሳቤ። ከቀናት በኋላ ጠርሙሱን ሳየው የእሳት ራት የለም፤ ሁለት ዝንቦች ክዳኑ ሥር ይዞራሉ። ክዳኑ እንዳልተከፈተ እርግጠኛ ነበርኩ። አከራዬ በር ላይ ቆማ፣ «ሰው ዝንብ ከቤቱ ያስወጣል፤ አንቺ ቆልፈሽ ትቀልቢያለሽ?» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ጠርሙስ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማሳ ስገባ የምፈልገው እሷን ሆነ። ሥራዋ ይዘገንናል፣ አልዋሽም። ትሉ ቅጠል ላይ ሲንፏቀቅ ትመጣና ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ አፉ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ፣ ነጭ እንቁላሏን ለጥፋበት ትሄዳለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የትሉን ቆዳ በስቶ ይገባል። ውስጥ ሆኖ ሲበላም ጥድፊያ የለበትም፤ ስቡን ያስቀድማል፣ ትሉን በሕይወት የሚያቆየውን ክፍል ለመጨረሻ ይተወዋል። ሲጨርስ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባና በቅርፊት ተጠቅልሎ የሚተኛ ቡናማ ሙሽሬ ይሆናል። ከሙሽሬው ዝንብ ትወጣለች፤ ወጥታም በማሳው ዳር እንደ ንብ አበባ ስትቀስም ትውላለች። በዚያን ሰዓት ያያት ሰው ገዳይ ናት ብሎ አይጠረጥርም።

ደስ የሚለኝ ይሄ ይመስለኛል። ማንም ሳያዘምታት፣ ስብሰባ ሳትጠራ፣ አበል ሳትጠይቅ ትሠራለች። የእሳት ራት የጣለችው እንቁላል ሁሉ ትል ሆኖ ቢያድግ፣ ያም ደግሞ በተራው ቢራባ፣ ከሮቢት እስከ ጎብዬ አንድ አገዳ አይቆምልንም ነበር። መድኃኒት ሲረጭ ግን ትሉ በማሽላው እምብርት ተሸጉጦ ሲተርፍ፣ ሜዳ ላይ የምትበርረው እሷ ቀድማ ትሞታለች። ይህን ላገኘሁት ገበሬ ሁሉ ስሰብክ ከረምኩ። «የዝንብ ጠበቃ» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን አልጠላሁትም።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ ወንድሟ፣ አጎቴ ናቸው። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ማሳ አላቸው፤ የዓመት ቀለባቸው ከዚያች ማሳ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ባለፈው ዓመት በሚያዝያው ዝናብ ደጋሊት የሚባለውን ረጅም ማሽላ ዘሩባት። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ተምቹ ገባ። ጎረቤቶቻቸው መርጫ አዝለው ወጡ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ደወሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ቅጠሎቹን እየከፈትኩ ሳይ፣ ከትሎቹ ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ነጭ ነጥብ አለባቸው። ሰርግ ቤት የገባሁ ያህል ደስ አለኝ።

«አባዬ፣ እንዳይረጩ!» አልኳቸው። አባዬ ነው የምላቸው። «በየጠዋቱ እየዞሩ በእጅዎ ይልቀሙ። ንጹሑን ትል ይጨፍልቁት። ነጭ ነጥብ ያለበትን ግን እንዳይነኩት፤ እሱ ሞቷል፣ አላወቀም እንጂ። ከሆዱ ዝንብ ይወጣል። ለከርሞም የምትጠብቅልዎ ያቺ ዝንብ ናት።»

«ነጭ ነጥብ» አሉ።

«አዎ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ። አደራ፣ አንዷንም እንዳይገድሉብኝ።»

«ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ» አሉና ትሉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። «አብሽሪ። አንቺ ካልሽ አለቀ።»

ፊታቸውን አላየሁም፤ ትሉን ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ በጎብዬ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችን እየዞርኩ ገበሬ ሳሠለጥን አሥር ቀን ሄደ። በየቀኑ እደውልላቸዋለሁ። «ዛሬስ ማሳ ወጡ?» «ወጣሁ፣ አልሃምዱሊላህ።» «ዝንቦቼስ?» «አንዷም አልተነካች፣ ወላሂ።» ልቤ ሙሉ ሆኖ ስልኩን እዘጋለሁ። ለሠልጣኞቹም አጎቴን ምሳሌ አድርጌ እጠቅሳለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ከቻሉ እናንተ እንዴት ያቅታችኋል እያልኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሚኒባስ ወርጄ ማሳውን ሳይ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። በላይኛው በኩል ያለውማ እምብርቱ ተበልቶ አገዳው ብቻውን ቆሟል። ነጥብ ያለበት ትልም ቢሆን እስኪሞት ድረስ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ከዚያ የባሰ ነበር። መርጫውን ያዘለ ጎረቤት ከድንበሩ ማዶ አየኝና፣ «የዝንብ ጠበቃ! ምነው ዘገየሽ፣ ማሽላው እኮ አለቀ» ብሎ ሳቀ።

ቁጡ ነኝ። አጎቴ ከማሳው መሐል ቀና ሲሉ ሰላምታቸውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም። «አሥር ቀን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር? ይልቀሙ አላልኩም? ይሄ ሁሉ ንጹሕ ትል እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩ፣ ጎረቤት እየሰማ። ላሳደጉኝ ሰው።

አንድ ወፍራም ትል አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። «ይሄ ነጥብ አለበት?»

ትሉን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። መልሰው ራቅ አደረጉት። ወደ ፀሐይ ዞሩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንገቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«አላህ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኔ ከከዳኝ ከረመ። እንኳን ያንቺን ነጥብ፣ ትሉንም የማገኘው ዳብሼ ነው። አንቺ ደግሞ አንዷንም እንዳይገድሉብኝ ብለሽ አደራ አልሽኝ። የቱ ያንቺ እንደሆነ መለየት ቢያቅተኝ ሁሉንም ተውኳቸው።»

በየጠዋቱ ማሳ መውጣታቸው እውነት ነበር። ዝንቦቼ አለመነካታቸውም እውነት ነበር። ቀለባቸው ሲበላ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ የእኔን አደራ ላለማፍረስ እያለፉት ነው የከረሙት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ሥራ ላይ ነሽ። ምን አስጨነቀኝና ላስጨንቅሽ?»

አፈርኩ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስነሣ፣ «መድኃኒት ላምጣ፣ ዛሬውኑ እንርጭ» አልኳቸው።

«ዝንቦቹስ?»

«ይሙቱ!» አልኩ። የምሬን ነበር።

አጎቴ ትሉን መልሰው ሰጡኝ። «ተይ፤ እነሱ ምን አጠፉ? ዓይን አንቺ አለሽ፣ እጅ እኔ አለኝ። እንልቀም።»

ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድኩ። በየጠዋቱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እኔ ቅጠል እየከፈትኩ አያለሁ፤ ነጥብ ካለበት እዚያው እተወዋለሁ፣ ከሌለበት መዳፋቸው ላይ አኖረዋለሁ፣ እሳቸው ይጨፈልቁታል። ብዙ አናወራም። አልፎ አልፎ «ይሄስ?» ይላሉ፤ ስለ ዝንቧ ሲጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ፣ ስቡን አስቀድማ እንደምትበላ ስነግራቸው «ጨዋ ናት» ብለው ሳቁ። ሳምንት ሲያልፍ ንጹሕ ትል ፍለጋው እየከበደን መጣ፤ በየቅጠሉ ሥር የምናገኘው ነጥብ ያለበትና የደረቀ ትል ሆነ። አንድ ቀን ግራጫዋ ዝንብ መጥታ እግሬ ላይ ስታርፍ ግን እንደ ድሮው አልፈነጠዝኩም።

የማሳው የታችኛው በኩል አገገመ። የላይኛው ግን አልቆ ነበር። ሐምሌ ላይ ገልብጠን ጤፍ ዘራንበት፤ ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ እምብዛም አልሰጠም። አጎቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ የዓይን ሞራ ነው ተባለ፣ ተራ እየጠበቅን ነው። ዝንቧን አሁንም እወዳታለሁ፤ ጠርሙሶቼም መስኮቴ ላይ አሉ። ሥልጠና ስሰጥ ግን ነጥቡን ካሳየሁ በኋላ ትሉን በየሰዉ እጅ አስይዤ፣ የት እንዳለ በጣቱ ሳያሳየኝ አላልፍም።

የዘንድሮ ቀለባቸው እስከ መጋቢት እንኳ አላደረሳቸውም። ገበያ አብረን ስንሄድ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ይጠይቃቸዋል፤ «ያን የመሰለ ማሽላ ምን ነካብዎ?»

«ተምች ገባብኝ» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ የበለጠ አንድ ቃል ጨምረው አያውቁም።