እናቴ እህቴን የጠራቻት ጊዜ

እናቴ ከካምፓላ ደውላ «ነይ» ያለችው ታናሽ እህቴን ነው። እኔን አይደለም። ያን ሰሞን የእህቴ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር የደወለችው በኔ ስልክ ነው፤ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «እስቲ እህትሽን አገናኚኝ» አለች። አገናኘኋት። እህቴ ስልኩን ይዛ ከፉል ድስቴ ራቅ ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች፤ ብዙ አወሩ። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

«እታለም፣ እማ ኡጋንዳ ነይ አለችኝ። ቲኬቱን እኔ እልካለሁ አለች።»

«እኔንስ?»

«አንቺማ ሥራ አለሽ፣ ልጆች አሉሽ አለች።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ሥራ አለሽ ነው የምትለኝ? መናኸሪያው በር ላይ ፉል የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ድስቱን ደፍቼ መሄድ ምን ያቅተኛል? ልጆቼስ ቢሆኑ አባት አላቸው። ከዚያች ሴት አፍ አንዲት «ነይ» እንድትወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቅ ኖሬ፣ ስትወጣ በኔው ስልክ አልፋ ለሌላ ደረሰች።

እናታችን ወደ ሱዳን የተሻገረችው እኔ ነፍስ ካወቅኩ በኋላ ነው። እህቴን አዝላ፣ እኔን ለአክስቴ ሰጥታ ሄደች። «የምታለቅሰውን ልውሰድ፤ ይቺ እንደሆነ ጎበዝ ናት» ብላ ነበር ይላሉ። ጎበዝ በመሆኔ መተማ ቀረሁ። እህቴ ገዳሪፍ ላይ በእናቷ እቅፍ አደገች፤ ኋላ ትዳር ይዛ ወደዚህ ስትመለስ ሳቋ ሳይቀር የእናቴ ነበር። እናቴ ግን አልተመለሰችም። ከገዳሪፍ ካርቱም ገብታ ሳለች ጦርነቱ ሲነሳ ከሚሸሹት ጋር ወደ ደቡብ ወረደች፤ በጁባ በኩል ካምፓላ ገብታ አሁን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ታበስላለች። ወረቀቶቿ ሁሉ ካርቱም ስለቀሩ ልምጣም ብትል አትችልም። ለኔ እናት አለችኝ ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። ለእህቴ ግን ላሟ ታለበች።

ድልድዩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ገበያ ውሎ መምጣት ለለመደ ሰው የቪዛ ነገር ግራ ነው። ጎንደር ላይ በኢንተርኔት የሚያመለክትላት አንድ ሰውዬ ተገኘ። ፓስፖርቱ በእጇ ነበር፤ ፎቶ ተነሳች፤ የእናቴ አድራሻም ተላከ። ከዚያ ሰውየው «የቢጫ ወባ ካርድሽንም ላኪልኝ» አላት። ሁለታችንም ሳቅን። መተማ ኖሮ ወባ ያልያዘው ማን አለ? እኛ ዘንድ ወባ እንደ ዘመድ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ሳይጠራ ይመጣል። እህቴ ሳጥኗን በርብራ፣ ጤና ጣቢያ ደሟን መርምሮ ወባ እንዳለባት የጻፈላትን ወረቀት አወጣች። ከመቆየቱ የተነሳ ቀለሙ ሄዷል።

«ይኸው፣ ወባም አለበት፣ ቢጫም ነው» ብላ ፎቶ አንስታ ላከችው። ሰውየውም ሳያይ አያይዞ ሰደደው።

ማመልከቻው ተመለሰ። እኔ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብቻ ብል ዋሸሁ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። በማግስቱ ፉሉ ላይ ዘይት ስለበዛ ደንበኞቼ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰውየው ግን ደውሎ ጮኸባት። «ቢጫ ወባ እኮ ሌላ በሽታ ነው! ስሙ ነው እንጂ ከናንተ ወባ ጋር ዝምድና የለውም። የሚፈለገው የክትባት ካርድ ነው። ወባ ይዞኛልና አስገቡኝ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ከተከተበች በኋላም አሥር ቀን ካልሞላው ካርዱ እንደማይሠራ ነገራት። ክትባቱ ደግሞ ያለው ጎንደር ነው።

«እታለም፣ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። ለምን እሺ እንዳልኳት አላውቅም። ሌላው ወደ እናቴ ሲሄድ በየት በኩል እንደሚኬድ ማየት ሳልፈልግ አልቀረሁም። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ሰሞን በሚኒባስ ወጣን። አይከል እስክንደርስ እህቴ በመስኮት እያስመለሳት ሄደች። «ገዳሪፍ ያደገ ሰው ዳገት አይችልም» እያልኩ አሾፍኩባት፤ ሎሚም ገዛሁላት። ቀናተኛ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም።

ክትባት ክፍሏ ያለችው ሲስተር መርፌውን እያዘጋጀች ትጠይቃታለች። እንቁላል ይስማማሻል? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ከዚያ «እርጉዝ ነሽ?» አለቻት። እህቴ ያየችው ሲስተሯን ሳይሆን እኔን ነው።

«እሷ ትንሽ ውጭ ትጠብቀኝ» አለች።

«አልወጣም» አልኩ።

አንገቷን ደፋች። «አዎ፣ ነኝ።»

ያ የምትለብሰው የገዳሪፍ ቶብ ሲጠቀለሉበት ስንቱን ይሸፍናል! ሲስተሯ መርፌውን መልሳ አስቀመጠች። «ይኼ ክትባት ለነፍሰ ጡር ዝም ብሎ አይሰጥም። ሐኪም ይይሽና መከተብ እንደሌለብሽ ማስረጃ ይጽፍልሽ፤ እነሱ ይቀበሉት እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ወባ እዚያም አለ። ካለ አጎበር እንዳትተኚ፤ ትኩሳት ከተሰማሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ታከሚ» አለቻት።

ሐኪሙ እስኪጠራን ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እህቴ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል፤ ሁለቱንም ወባ ነው ያስወረዳት። ሁለቱንም ጊዜ ያስታመምኳት እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማ ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። ዓይን…»

«የማን ዓይን?»

ቶቧን ሳብ አድርጋ ሆዷን ሸፈነች።

«የኔ ዓይን ነዋ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ነይ» የተባለችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ልታርሳት ነው። ገንፎ ልታገነፋላት፣ አጥሚት ልታጠጣት፣ ወገቧን ልታስርላት ነው። እኔ ኡጋንዳን ለማየት የቀናሁ መስሎኝ ነበር፤ ኡጋንዳ ገደል ይግባ! የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሽንፋ ነው፣ እርሻ መሀል፣ የሣር ዳስ ውስጥ፣ ከነወባዬ። ባሌ ትራክተር ነጂ ነው፤ እሱ መሬቱን ሲያርስ እኔን የሚያርስ ሰው ግን አልነበረም። ከጎጃም ለአረም የመጣች አንዲት የቀን ሠራተኛ የማሽላ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ «አይዞሽ የኔ ዓለም» እያለች እግሬን አሸችኝ። እሷም ሥራዋን ማጣት አልቻለችም፣ ሄደች። እኔም ተነሥቼ ውኃ ቀዳሁ። ገዳሪፍ ለእናቴ መልእክት ልኬ ነበር። የመጣው መልስ «እሷ ጎበዝ ናት፣ ትወጣዋለች» የሚል ነው።

እዚያው አግዳሚ ላይ ሆኜ ካምፓላ ደወልኩ።

«እማ፣ እኔን ያላረስሽኝ ለምንድን ነው?»

ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል። «ኸላስ፣ በቃ፣ ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል? አንቺ እኮ ችለሽው ነበር» አለች።

«ስላልመጣሽ ነው የቻልኩት።»

«በይ እህትሽን አገናኚኝ።»

አላገናኘኋትም። ዘጋሁት። እህቴ አጠገቤ ታለቅሳለች፤ የሷ ልቅሶ መቼም ቢሆን ሰሚ አያጣም። ሐኪሙ ጠርቶ መረመራት፣ ማስረጃውን ጻፈላት። የቪዛው ሰውዬ ጠይቆ ይቀበሉታል አለ፤ ቪዛውም ቆይቶ መጣ። የምትሄድ ቀን አጎበሯን አጣጥፌ ሻንጣዋ ውስጥ ከተትኩላት፤ ጎንደር ድረስ ግን አልሸኘኋትም። ሥራ አለብኝ አልኳት። እናቴ ራሷ ሥራ አለሽ ብላኝ የለ?

እህቴ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ። በቪዲዮ ደውላ ሕፃኗን አሳየችኝ፤ እልል አልኩ፤ ከልቤም ነው። እናቴ በስልኩ አትታይም፤ እህቴ የምታናግረው እኔን መሆኑንም ያወቀች አልመሰለኝም። ድምፅዋ ግን ከጓዳ ይመጣል። እህቴ የልጅቷን እግር ልታሳየኝ ከላያቸው ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ እናቴ ጮኸችባት። «ተከናነቢ እንጂ! ነፋስ ይገባሻል ብዬሽ የለም? አንቺ ልጅ ምን ላድርግሽ? በይ ተከናነቢ፣ ጆሮሽንም ሸፍኚ!»

እህቴ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ እንደ መሰልቸት ሳቀች። እኔ ፉሌ እሳት ላይ ነው፤ ቀትር ነው፤ የመተማ ፀሐይ ከላይ ቆርቆሮውን ያግለዋል። ነጠላዬን ከምስማሩ ላይ አወረድኩና እስከ ጆሮዬ ተከናነብኩ።